አጥሩ ለሌባ ነው፤ ለልጁስ?

ልደታን ለሚያውቅ ሰው «ስለ ልደታና ስለ መዋኛ ገንዳ ልጽፍ ነው» ብትሉት ይስቃል። አይፈረድበትም። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚመጣ፣ በበርሜልና በሮቶ የሚጠራቀም፣ በጄሪካን ፎቅ የሚወጣ ውሃ ነው። ቧንቧው ሲንሿሿ ከሌሊት እንቅልፉ የሚነሳ እንጂ የሚዋኝ ሰው አላየሁም። ይሁንና ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያየሁት ነገር ስለ ገንዳ፣ ስለ አጥርና ስለ ሕግ እንዳስብ አስገደደኝ። ከዚያ በኋላ ሰፈሬን በሌላ ዓይን ዞሬ ሳየው፣ ሕፃን ልጅ ሊገባበት የሚችል ውሃ ባልጠረጠርኩት ቦታ ሁሉ ተቀምጦ አገኘሁት። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች አብራችሁኝ ዙሩ።

መነሻችን የልደታ ባቡር ጣቢያ ይሁን። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሰፈራችን መለያያ ሆነች። ከአያትና ከቃሊቲ የሚመጡት ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም አንስቶ በሜክሲኮና በተግባረ እድ በኩል በአንድ ሐዲድ አብረው ይመጡና ልደታን ሲያልፉ ይለያያሉ። አንዱ በኮካ ኮላ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ያቀናል፤ ሌላው ወደ መርካቶና ወደ ፒያሳ ይታጠፋል። ከጣቢያው ወርዶ በእግር ለሚሄድ ሰው የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ እኛ እስካሁን «ሕንፃ ኮሌጅ» የምንለው የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ ተቋም፣ ብዙ ሰው በጭንቀት የሚያውቀው የልደታ ፍርድ ቤትና የቀበሌ ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ የተተከሉት ኮንዶሚኒየሞች ሁሉም ቅርብ ናቸው። እኔ የምኖረው ከነዚህ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው።

የድሮውን ሰፈር የምናስታውስ ሰዎች አንድ ነገር አንረሳም። በቀበሌ ቤቶቹ ጊዜ ግቢው የጋራ፣ ደጁም የጋራ ነበር። አንድ ልጅ ከቤቱ ርቆ ቢታይ ያየው ሁሉ «የማነህ አንተ? ወዴት ነው?» ብሎ ያስቆመዋል። ሴቶቹ ልብስ እያጠቡም፣ ሽንኩርት እየላጡም ዓይናቸው ደጅ ላይ ነው። ዛሬ በራችን ብረት፣ ደረጃችን ረጅም ሆኗል። ልጆቹም አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ከአያቶች ጋር ይውላሉ፤ የእኛ ጉልበት ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም።

ያን ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ የልጁን የልደት በዓል ሊያከብር ጠርቶን ነበር። ቤቱ በኦልድ ኤርፖርት በኩል ነው። ይህ የሰፈር ስም ለወጣቶቹ ዝም ብሎ የታክሲ ጥሪ ይመስላቸው ይሆናል እንጂ ታሪክ ያለው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተነሳው ከልደታ ሜዳ ነበር። ቦሌ እስኪሠራ ድረስ የአዲስ አበባ የአየር በር እኛ ነበርን። በዚያ አካባቢ በየጊዜው የተሠሩት ሰፋፊ ቪላዎች ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ይከራዩባቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ ግቢዎች ውስጥም ከዋርካና ከጽጌረዳ ጋር የመዋኛ ገንዳ አለ። የወንድሜ ልጅ የተከራየው ቤት ከነዚህ አንዱ ነው።

የአራት ዓመቷን የልጅ ልጄን እጇን ይዤ ገባሁ። ግቢው ያምራል። ገንዳው ከቤቱ በስተጀርባ፣ ከሳሎኑ ተንሸራታች የመስታወት በር ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ዙሪያውን ንጣፍ ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን የግንብ አጥር አለ። ባጎረሱኝ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ውሃ ይሄድ ነበር፤ ግን እንግዳ ሆኜ ምን እላለሁ? ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ በበረንዳው ቡና ያቆላሉ፤ ወንዶቹ ወግ ይዘናል፤ ልጆቹ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ያያሉ። ጭሱ እንዲወጣ የመስታወቱ በር ተከፍቷል።

እጄን ልታጠብ ስነሳ ነው ያየኋት። የልጅ ልጄ ቀይ ፊኛዋ ነፋስ ወስዶት ውሃው ላይ ተቀምጧል። እሷ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ አንድ እጇን ዘርግታለች። ድምፅ የላትም። አታለቅስም፣ አትጣራም፤ ሥራ ላይ ናት። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ የቀሚሷን ወገብ ይዤ ወደ ኋላ ስስባት ብቻ ትዝ ይለኛል። «ፊኛዬ!» ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን።

በኋላ ቆጠርኩን። በረንዳው ላይ አሥራ አንድ አዋቂ ሰዎች ነበርን። እናቷም ነበረች። ማንም ቸልተኛ አልነበረም፤ ሁላችንም ሌላው እያያት መስሎን ነበር። እኔ እጄን ልታጠብ ባልነሳ ኖሮ የምንሰማው ነገር አልነበረም። ሕፃን ልጅ ሲሰጥም በፊልም እንደምናየው አይጮህም፤ አይንፈራገጥም። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አይጣራም። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል።

የወንድሜ ልጅ ደነገጠ፤ እኔን ለማረጋጋት ግን «ጋሼ፣ አይዞዎት፤ ግቢው እኮ ይህን የሚያህል አጥር አለው፤ ከላይ ሽቦ አለው፤ ዘበኛም አለን» አለኝ።

«አጥሩ ለሌባ ነው» አልኩት። «ልጅቷ የወጣችው ከሳሎን ነው።»

ዝም አለ። ከዚያም «ቤቱ የኔ አይደለም፤ ተከራይ ነኝ። ባለቤቷ ውጭ አገር ናቸው፤ ንጣፉን እንድበሳ አይፈቅዱልኝም» አለ። እኔም ያኔ ያልኩትን ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኩት። «ይህ ውሃ በራሱ አጥር እስኪታጠር ድረስ ይህቺን ልጅ ይዤ አልመጣም። አንተም የራስህን ልጅ በር ሳትቆልፍ አትተኛ።» በልደት ቀን የሚነገር ቃል አልነበረም። ሚስቱ ቅር አላት፤ ልጄም በመንገድ ላይ «አባዬ፣ አዋረድካቸው» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ስልክ አልተደዋወልንም።

በነዚያ ሳምንታት ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ማንበብ ጀመርኩ። አብዛኞቹ የተማሩት ከሐዘን መሆኑን አየሁ። አውስትራሊያ ብዙ ቤቶች ገንዳ ያላቸው አገር ናት። የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ሕግ የመኖሪያ ቤት ገንዳ ሕፃን በማይሻገረው አጥር እንዲከበብና ገንዳውን ከመኖሪያ ቤቱ ጭምር እንዲለየው አዝዟል። አጥሩ ቢያንስ 1.2 ሜትር ቁመት፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ10 ሴንቲሜትር ያልበለጠ መሆን አለበት። በሩ በራሱ ተመልሶ የሚዘጋ፣ በራሱ የሚቆለፍ፣ ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ውጭ የሚከፈት ነው። ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ ወይም ልጅ ሊወጣበት የሚችል ነገር በአጥሩ አጠገብ አይቀመጥም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ባለ ገንዳ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ የገንዳው የደህንነት ማረጋገጫ እንዲቀርብ ተደርጓል።

ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ሕግ አውጥታለች። መሬት ውስጥ የተሠራ የግል ገንዳ ያለው ሰው ከአራት ነገሮች ቢያንስ አንዱን እንዲያደርግ ታስገድዳለች፤ አጥር፣ የማስጠንቀቂያ ደወል፣ የደህንነት መሸፈኛ ወይም ገንዳውን የሚያለብስ መጠለያ። አዲስ ለሚሠሩት ከ2004 መጀመሪያ አንስቶ፣ ቀድሞ ለነበሩት ደግሞ ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ ግዴታ ሆኗል።

የአሜሪካው ታሪክ አያቶችን ይመለከታል። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2002 የሞተችው መዋኘት ስለማትችል አልነበረም። የሙቅ ውሃ ገንዳው የፍሳሽ መምጠጫ ይዞ አስቀራት። እናቷ ለዓመታት ተሟግታ በታኅሣሥ 2007 በልጅቷ ስም የተጠራ የፌዴራል ሕግ ወጣ፤ የሕዝብ መዋኛ ገንዳዎች የመምጠጫ ክዳናቸው ሰውነትን ወይም ፀጉርን ይዞ የማያስቀር እንዲሆን አስገደደ። ሆቴል ወይም የመዋኛ ክለብ ልጆቻችንን ስንወስድ ማንኛችን ነን ከሥር ያለውን ክዳን የምናየው? የተሰበረ ወይም የተነሳ ክዳን ያለው ገንዳ ልጅ ሊገባበት አይገባም።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። የልደታ ፍርድ ቤት ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ አካባቢ ቡና የምንጠጣ አንድ የቆየ የሕግ ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። «ልጅ በሰው ግቢ ገንዳ ውስጥ ቢወድቅ የኛ ሕግ ምን ይላል?» ስል ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ ስኒውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሕግ የለም አትበል፤ አለ» አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። አንቀጽ 2077 ደግሞ ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ከሁሉ የገረመኝ አንቀጽ 2069 ነው። ፈንጂ ወይም መርዝ የሚያከማች፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ሰው በዚህ የተነሳ ያልተለመደ አደጋ ሌላው ላይ ቢደርስ፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ይሆናል። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ የመሬቱን አቀማመጥ የለወጠ ሰውም አለ። «ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ የሞላ ሰው የመሬቱን አቀማመጥ አልለወጠም ብሎ ለመከራከር የሚቀልለው አይመስለኝም» አለ ወዳጄ። በቸልተኝነት ሰው ለገደለ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 አለ። ይህ የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ በዓል ነው። ለሰፈራችን ሰው የማይረሳ ቀን ነው።

«በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ስ?» አልኩት። እሱንም ያውቀዋል። የአዋጁ ዓላማ የሕዝብን ጤናና ደህንነት ለመጠበቅ ለግንባታ ዝቅተኛ መለኪያ ማስቀመጥ ነው። ያለ ፈቃድ መገንባት አይቻልም፤ ፕላኑን የሚመረምር፣ ሥራውን የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹም አለ። «ስለዚህ ገንዳ የሚያሠራ ሰው ፕላኑን ይዞ ሲሄድ አጥሩንም በፕላኑ ላይ ማሳየት፣ ሹሙም መጠየቅ ይችላል» አለኝ።

ከዚያ እኔን ዝም ያሰኘኝን ነገር ተናገረ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የነገርኩህ የካሣና የወንጀል አንቀጾች ሁሉ እዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚነበቡት ልጁ ከተቀበረ በኋላ ነው።» በመስኮቱ ወደ ፍርድ ቤቱ አመለከተኝ። በእርግጥ የአውስትራሊያና የፈረንሳይ ሕጎች ከእኛ የሚለዩት በዚህ ነው። እነሱ የሚጀምሩት ከብረቱ ቁመትና ከበሩ መቀርቀሪያ ነው። ካሣ ለአባትና ለእናት የሚያስገኘው ነገር ይኖራል፤ ልጁን ግን አይመልስም። የሰባት ዓመቷን ልጅ እናት ያንን ሁሉ ዓመት ያሟገታት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ከወዳጄ ተለይቼ ወደ ቤት በእግሬ ስመለስ ሰፈሬን ልብ ብዬ አየሁ። በመጀመሪያ ያገኘሁት የሕንፃ መሠረት ጉድጓድ ነው። ልደታ እየፈረሰች የምትሠራ ሰፈር ናት። መሠረቱ ተቆፍሮ ሥራው የቆመበት ቦታ፣ ዙሪያውን የታጠረው ቆርቆሮ አንድ ወገን ተገንጥሎ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ውሃ ከታች ተኝቶ ነበር። ውሃው ቡና መልክ ስላለው ጥልቀቱ አይታይም። ጎኑ ጭቃ ስለሆነ የገባ ልጅ ተመልሶ መውጫ የለውም። ይህም ገንዳ ነው፤ ማንም ፕላን ላይ ያልሣለው ገንዳ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር ለግንባታ የተቆፈሩና ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች እንዲደፈኑ ወይም እንዲታጠሩ የሚለምነው በከንቱ አይደለም። ሠራተኞቹ ከእነዚህ ጉድጓዶች የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ለመዋኘት የገባ ታዳጊ ወይም ኳሱን የተከተለ ልጅ ነው።

ሁለተኛው የእኛው ግቢ ነው። ከብሎካችን በስተጀርባ የመሬት ውስጥ ውሃ ማጠራቀሚያ አለ። የኮንክሪት ክዳኑ አንድ ጥግ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በላዩ ቆርቆሮ ተጥሎ ድንጋይ ተጭኖበታል። ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ልጆቹ ሱሪ በአንገት ሲጫወቱ ድንጋዩን እንደ ወንበር ይቀመጡበታል።

ሦስተኛው የራሴ ቤት ነው፤ እዚህ ላይ አፈርኩ። መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ክዳን የሌለው በርሜል፣ አጠገቡም ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋና ውሃ የሞላ ባልዲ አለ። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ መጠን አንጻር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ አጎንብሶ ካየ ተዘቅዝቆ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ ለመነሳት ግን ጉልበት የለውም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ይበቃል። ሰው ቤት ሄጄ አጥር ጠይቄያለሁ፤ የራሴን በርሜል ግን አልከደንኩም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከአራቱ አንዱ ያህል አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱትም ባለ ገንዳ ቤት ባልበዛባቸው፣ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ሕፃናት በብዛት የሚሰጥሙት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ፣ እናቶች በሥራ በተጠመዱበት ሰዓት መሆኑ ታወቀ። መፍትሔውም ቀላል ሆነ፤ በዚያ ሰዓት ሕፃናቱን በየመንደሩ አንድ ቤት ሰብስቦ መጠበቅ። ይህን ሳነብ የድሮዋ ልደታ ትዝ አለችኝ። እኛ ስም ሳናወጣለት እናደርገው የነበረውን ነገር ነው ዓለም አሁን የሚመክረው።

ግንቦት 1 ቀን ደረሰ። ልደታ በሰፈራችን እንዴት እንደሚከበር ለማያውቅ ሰው ልንገር። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ቡናው ይፈላል፤ ሁሉም ወደ ደጅ ይወጣል። በኮንዶሚኒየም እንኳን ሆነን ይህን አልተውንም። ያን ዕለት የብሎካችን ሰው ሁሉ በግቢው ምንጣፍ አንጥፎ ተቀምጦ ሳለ፣ ንፍሮው በእጄ እንዳለ ተነሥቼ የልጅ ልጄን ነገር ተናገርኩ። ከዚያም በጣቴ ወደ ማጠራቀሚያው ክዳን አመለከትኩ። እዚያው ድንጋዩ ላይ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ንፍሮ ይበሉ ነበር።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ «የማን ኃላፊነት ነው?» የሚል ነበር። ይህን ከወዳጄ ጠይቄ ነበርና መልስ ነበረኝ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 እንደሚለው በጋራ መጠቀሚያ የሆነው ሁሉ የባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበሩ ነው። ይህ አዲስ አፓርታማ ለሚገዙም ይጠቅማል። በማስታወቂያው «መዋኛ ገንዳ ያለው» የሚል ቤት ስትገዙ ወይም ስትከራዩ፣ ገንዳው በአራቱም ጎን ታጥሯል ወይ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ዘበኛው መዋኘት ያውቃል ወይ? ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ስትገቡም በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ እንዲጻፍ አድርጉ።

«ገንዘብ የለንም» ያለ ሰው ነበር። አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈትተው የመጀመሪያውን ብር ምንጣፉ ላይ አኖሩ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። በሳምንቱ ከመንገዱ ማዶ ያሉት የብረታ ብረት ሠራተኞች ከወፍራም ላሜራ ክዳን ሠርተው፣ ማጠፊያና የቁልፍ መያዣ በይደው ገጠሙልን። ስለ መሠረቱ ጉድጓድ ደግሞ ሰባት ሰዎች ፈርመን ለወረዳው ደብዳቤ አስገባን። ቆርቆሮው ተመልሶ ተመትቷል፤ ውሃው ግን ይህን ስጽፍ ገና አልተመጠጠም። ደብዳቤውን ደግመን እናስገባለን።

ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ ማታ ስልኬ ጠራ። የወንድሜ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ባለቤቷን አነጋገርኳቸው» አለኝ። ሴትየዋ ውጭ አገር የሚኖሩበት ሰፈር ገንዳ ያለ አጥር እንደማይፈቀድ ነግረውታል፤ «ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?» ብለው ወጪውን ከኪራዩ እንዲቀንስ ፈቅደውለታል። እኔና እሱ ስለ ንጣፍ መበሳት ስንከራከር፣ መልሱ አንድ ስልክ ብቻ ርቆ ነበር። አጥሩ ከልደት ድግሱ ያነሰ ወጪ እንደወሰደ እየሳቀ ነገረኝ።

ክረምቱ ገብቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ጁላይ 25ን የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ብሎ ሰይሞታል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ነው፤ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ጉድጓድ ሁሉ የሞላበት ወቅት። ለዚያ ቀን ሻማ ከማብራት ይልቅ እያንዳንዳችን ቤታችንን ብንዞር ይሻላል። በርሜሉ ይከደን፤ ሳፋውና ባልዲው ሥራው እንዳለቀ ይደፋ፤ ማጠራቀሚያው ይቆለፍ። ገንዳ ያለበት ቤት ስትሄዱ አንድ አዋቂ ሰው በስም ተጠርቶ ልጆቹን ይጠብቅ፤ ስልክም ወግም አይያዝ፤ ሲደክመው በግልጽ ለሌላው ያስረክብ። ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ ጠባቂው እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ይሁን። በመጨረሻም መጫወቻው ሁሉ ከውሃው ይውጣ፤ የእኛን ልጅ የጠራት ፊኛ ነበር።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ልጁን ወዲያው ከውሃ አውጡ። ጉድጓድ ከሆነና መዋኘት የማትችሉ ከሆነ ግን አትዝለሉ፤ ገመድ፣ እንጨት፣ ነጠላም ቢሆን ወርውሩ። ሌላ ሰው በአዲስ አበባ 939 ይደውል። ልጁ የማይተነፍስ ከሆነ ውሃ ለማስወጣት ብላችሁ አትዘቅዝቁት፣ ሆዱንም አትጫኑ፤ ጊዜ ያባክናል። አገጩን ከፍ አድርጋችሁ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፤ ከዚያ የደረቱን መሃል ሠላሳ ጊዜ እየተጫናችሁ ሁለት ትንፋሽ፣ እርዳታ እስኪደርስ ደጋግሙ። ቢነቃም ሐኪም ሳያየው ወደ ቤት አትውሰዱት። ይህን ከማንበብ ባለሙያ እያሳየ መለማመድ ይሻላል፤ የሠፈር እድር እንዲህ ያለ ሥልጠና ቢያዘጋጅ ከድንኳኑ ያነሰ አገልግሎት አይደለም።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ወንድሜ ልጅ ቤት ሄድኩ። ገንዳው በአራቱም ጎን ታጥሯል፤ በሳሎኑ በኩል ያለው ብረት ቀጥ ቀጥ ያለ፣ እግር የሚያሳርፍበት አግዳሚ የሌለው ነው። በሩን ከፍቼ ለቀቅሁት፤ በሞላው ኃይል ተመልሶ ተዘጋና መቀርቀሪያው ጠቅ አለ። ደግሜ ሞከርኩት። የወንድሜ ልጅ ሚስት ከበረንዳው አየችኝና «ጋሼ፣ እኔም በቀን አሥር ጊዜ ነው የምሞክረው» አለችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ቡናው ሲደርስ የልጅ ልጄ ወደ አጥሩ ሮጠች። ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። አልከፈት አላት።

«አባባ፣ ክፈትልኝ!» አለች።

ድምጿን በረንዳው ላይ ያለን ሁሉ ሰማን። ስኒዬን አስቀምጬ ተነሣሁ።